ማዶ

ከጎርጎራ ወጣን፣ እሁድ በማለዳ፣
በግ አለ፣ ጤፍ አለ፣ አንድ ሁለት እንግዳ።
ትኬት ቆራጩ እኔ ነኝ፤ አፌ ሥራ ፈትቶ
አሥራ ሰባት ዓመት፣ ጆሮዬ ብቻ በልቶ።

"ቦታ አለ ወይ?" ሲለኝ፣ ቃሉን ሳይጨርሰው
አውቀዋለሁ ወዲያው የየት እንደሆነ ሰው፦
የጎንደሩ ሲያወራ ቃሉን ያቆመዋል፣
እንደ ግንብ ድንጋይ በላይ በላዩ ይክበዋል፤
የባሕር ዳሩ ግን ይጎትታል፣ ያረዝማል፣
ዓባይም ከሐይቁ ሲወጣ ቀስ ይላል።
(ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም ይክዱኛል።)

ፈንታሁን ጀመረ፣ የአዘዞው ነጋዴ፦
"ከተማ ነን ማለት ጀመራችሁ እንዴ?
እኛ ቤተ መንግሥት በኖራ ስንገነባ
እናንተ ደንገል ነበራችሁ፣ ጉማሬ 'ሚገባ!"
ልየው አሣ ሻጩ፣ ቅርፊት ከእጁ እየፋቀ፣
እንደ አነጋገሩ ረጅም ሳቅ ሳቀ፦
"ግንቡስ ደግ ነው፣ ወንድሜ፤ ቧንቧችሁ ሲደርቅ
ጨመቅ አርጉት እስቲ፣ ጠብታ ቢፈልቅ።"

እንዲህ ሲባባሉ፣ ጣት ሲቀሳሰሩ
"ተዚህ" እና "ተዚያ" ነው የሁለቱም ነገሩ፤
አንድ አዲስ አበቤ አብሮን ቢሳፈር
ሁለቱን በአንድ ሳቅ ይጨርሳቸው ነበር።

ሞተሩ ሳለና፣ ደቅ ሳንደርስ፣ ጠፋ።
ፀጥ ባለ ውሃ ላይ ክርክሩ ከፋ።
ዳኛ ተፈለገ። ማንጎዋን ታቅፋ
እናና ዳሳሽ ነበረች፣ ጥግ ላይ ተለጥፋ።
"የማናችን አማርኛ ነው የቀናው?" አሏት።
ቆየች። ውሃውን አየች።

"እኔ ምኑን አውቄ? እኛ ደቅ ስንኖር
ጎርጎራም ማዶ ነው፣ ማዶ ነው ባሕር ዳር።
ሌሊት በነፋሱ ጩኸታችሁን ሰምተን
'ማዶ ተጣሉ' ብለን እንተኛለን፣ ትተን።"

ሞተሩ ተነሣ፤ ደቅ ላይ ወረደች፣
ሁለት ማንጎ ሰጥታቸው ዞር ሳትል ሄደች።
አንዱ ጥሬ ነበር። ለማን እንደደረሰ
አልናገርም፤ ጠቡ ግን እዚያው ታደሰ።

ባሕር ዳር ስንገባ መብራቱ በርቶ ነበር።
ሚስቴ "እስካሁን ከየት?" አለች፣ ቆማ ከበር።
"ተማዶ" አልኳት። ጆሮዬ፣ ያ ሁሉን የለየ፣
የገዛ አፌን አገር ፈልጎ ሳያገኝ ቆየ።

እራቱ አሣ ነበር።