ይማርሽ

ከኡዲኔ ከተማ ዳር፣ ከሽቦው አጥር ውስጥ፣
ከጦርነት የተረፈ ብረት በሐራጅ ሲሸጥ፣
ዱይሊዮ ቀጥቃጩ አገኘሽ፣ ከተራራ የወረደው፤
ባሌስትራሽ የተሰበረ፣ ባትሪሽን ሌባ የወሰደው።
አንድ የምትታለብ ላም፣ የሚስቱን የጋብቻ ቀለበት፣
እሱም አልበቃ ብሎ፣ የአማቱን የግድግዳ ሰዓት።
ይህ ነበር ዋጋሽ።
(ሲተርከው ታዲያ፣ ከዓመት ዓመት ላሟ ትወፍራለች።)
«ጉድ ነው» አለ መንደሩ፣ «ላም ሸጦ ጦር ገዛ!»
ሚስቱ ኦታቪና ሦስት ቀን ዝም አለች፣ ባዶ ጣቷ ላይ ፈዝዛ።

ከዚያ ጀመረ መፍታት።
ቄሱ ዶን ሊቪዮ ደጁ ላይ ቆመው፣
«ሰይፋቸውን ማረሻ» ይላል፣ አየህ ቃሉ ሲፈጸም!» ቢሉት፣
መዶሻውን ሳያስቀምጥ፣ «አባ» አለ፣
«ነቢዩ ከሰል በስንት እንደሚገዛ ግን አልጻፈም።»

መትረየስ የቆመበትን፣ የወለልሽን ምሰሶ፣
የወተት ሚዛን ሰቀለበት፣ ጫፉን በሞረድ አለስልሶ።
ከአውሮፕላን ለመሸሸግ ቆብ የደፋው መብራትሽ
ቆቡ ወለቀለት፤ ከሸለቆው ማዶ ልጆች ለዩሽ በብርሃንሽ።
ከጎንሽ ችንጋ ተጠልፎ በነሐሴ ገብስ ወቃሽ፣
በጥቅምት ግንድ ሰነጠቅሽ፣ በኅዳር አይብ አወረድሽ፤
አዋላጇን በሌሊት፣ ሬሳውን በቀን ተሸከምሽ።
በሁለተኛ ማርሽ፣ ማረሻ ከኋላሽ አስሮ፣
ሁለት በሬ ያቃተውን መሬት ገለበጥሽው፣ ድንጋዩ ከስሩ ተቆፍሮ።
«ማርሽ» እና «ማረሻ» መቼም አንድ ነው ፊደላቸው፤
የአፍ መክፈት ያህል ናት የምትለያቸው።

ቀለም ቀባሽ፣ ከመስኮት መዝጊያ የተረፈ ሰማያዊ።
ለፋሲካ ይቀባሻል፤ በበረዶው ወር ይላጣል፤
የኮፈንሽ ነጭ ኮከብ፣ እንደ ጥርስ፣ ከስሩ ይገጥጣል።
«ብረት ይረሳል ወይ?» ሲሉት፣
«መርሳት የሰው ነው» ይላል፣
«ብረት ግን ይዝጋል።»

ኤርሚኒያ ግን፣
ልጇ ከሩሲያ በረዶ ያልተመለሰላት፣
አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈረችብሽም። ድንች አዝላ በጀርባዋ
ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ ሽቅብ፣ በእንጨት ጫማዋ።
በአጠገቧ ስታልፊ፣ ፊቷን ወደ ገደሉ ታዞራለች፤
«ማን ተቀመጠብሽ? ማን ሞተብሽ?» ትላለች።
መልስ ከሞተር አይገኝ።

በየካቲት፣ በአንድ ጠዋት፣ ጆንያዋ ተቀደደ፤
ድንቹ እንደ ልጅ ተሯሯጠ፣ ወደ ወንዙ ወረደ።
ዱይሊዮ ምንም አላለ። ሞተር አጠፋ። ለቀመ፣ ጫነ፤
እሷም ጉልበቷ ከዳት መሰለኝ፣ ብቻ የሆነው ሆነ፣
ወጣች።
መያዣ ስትፈልግ፣ ከዳሽቦርዱ ስር እጇን ብትሰድ፣
ድንጋይ የሆነ ማስቲካ ነካች፣ ከተለጠፈበት የማይወርድ።
የጥርስ ምልክት አለበት።
ሁለት የፊት ጥርስ፤ ፍንጭት።
ዱይሊዮ ያውቀዋል። ሁሉን ሲፈታ፣ ሁሉን ሲፍቅ፣
ይህን ጉብታ ብቻ አልፎት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ።

«ስንት ዓመቱ ይሆን?» አለች።
«እንጃ። ማስቲካ የሚያላምጥ ነው።»
ከዚያ ወዲያ ወንዙ ብቻ ተናገረ።

ሊያስነሳሽ ሲል፣ ብርዱ ካንዴላሽን ይዞ፣
አንዴ አስነጠሰሽ፤ ሁለቴ፤ ጭስሽ በጥዱ ላይ ጉም ነዝቶ።
ሊረግምሽ አፉን ከፈተ፣ እንደ ልማዱ።
ቀደመችው አሮጊቷ፤
ጣቷን ከዚያች ፍንጭት ሳታነሳ፣
ቀስ ብላ፣ ጉንፋን ለያዘው ልጅ እንደሚባለው፣
«ይማርሽ» አለች።

አንደኛ ማርሽ ገባ።