በአንዲት መስመር

ፎርሙ ከፊቴ ነው፣ ሌሊቱ ሊጋመስ፤
«ስም» ይላል፤ ጻፍኩለት፦ ይርዳው ተክለሞገስ።
«የሥራ መደብ»፦ ቢላ። «ፈረቃ»፦ የማታ።
«የታየ ምልክት»፦ ካፉ የቮድካ ሽታ።
ከዚያ «ምክንያት» ይላል፤ ከፊቱ አንዲት መስመር፣
ከጣቴ ባጠረች፣ ዘጠኝ ዓመት ሊቀመር።

ከየት ልጀምርለት?
ከብሩክስ ነፋስ ነው፣ ሜዳው ላይ ከሚያፏጨው፣
የከባድ መኪና ጎማ ከመንገድ ከሚያወጣው?
ወይስ ከሰንሰለቱ፣ ከማይታክተው ብረት፣
ሥጋ አንጠልጥሎ ከሚያልፍ በፊት ለፊት?
በደቂቃ አምስት ነበር፤ ስድስት አሉት፤ ሰባት።
(ምንም አልተናገርን። ማን ይናገር? ለማን? በየትኛው ቋንቋ? በየትኛው ሰዓት?)

አንጓው አበጠበት።
«ጠዋት ስነቃ» ይላል፣ «እጄ ቢላ ይዟል፤
ቢላ የለም እኮ፤ እንደጨበጠ ደርቋል።»
ኪኒን ሰጡት ለሳምንት፤ ሳምንቱ ወር ወለደ፤
ኪኒኑ ሲከለከል ወደ ጠርሙስ ወረደ።
መጀመሪያ ለእንቅልፍ፤ ከዚያ ለእጁ፤ ኋላ
ያን በር ለመግፋት ብቻ፤ ያን ነጭ ካፖርት ለመልበስ፤ ለመጨበጥ ያን ቢላ።

ሮሳሊን ታውቅ ነበር፣ አጠገቡ የምትቆመው፣
የሳተውን ሁሉ በሷ ቢላ የምታርመው።
ዴንግም ያውቅ ነበር፤ ማስቲካ ያቀብላል፣
«ለብርድ ነው» እያለ፤ ማን ለብርድ ያኝካል?

እኔስ?
እኔ ሱፐርቫይዘሯ፣ ቢጫ ሄልሜት ያለኝ፣
«ሰባት ይሁን» ሲሉኝ «አዎ» ነው ያልኩ መሰለኝ።
ቅድም በእረፍት ሰዓት፣ ከሎከሬ ጥግ፣
ሁለት ኪኒን ዋጥኩኝ፣ ያለ ውሃ፣ እንደ ሕግ።
የእኔ ግን አይሸትም፤ ማንም አልጻፈኝ እስከ ዛሬ፤
ከብልቃጡ የሰውየውን ስም ልጬዋለሁ በጥፍሬ።

ይርዳው ከወንበሩ ጠርዝ፣ ጓንቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣
«ጻፊው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከወለል አንሥቶ፤
«ጠጥቷል በይ፤ እውነት ነው። ቁጥሩንም ግን አስገቢ፤
በደቂቃ ሰባት። ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

አነበብኩ። ድምፄ ቢሮው ውስጥ የሰው ድምፅ መሰለኝ።

መስመሯ ጠበበች። ገለበጥኩት ወረቀቱን፤
ጀርባው ባዶ ነበር፤ ጻፍኩ የአንጓውን እብጠት፣ ጻፍኩ የብረቱን ፍጥነት፣
ኪኒኑ ያለቀበትን፣ ጠርሙሱ የተከፈተበትን ዕለት፣
«አዎ» ያልኩበትንም ስብሰባ፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ።
ከፊት ለፊት ደግሞ፣ «ምክንያት» ከሚለው ላይ፣
«ገልብጡት» አልኩና ተውኩት፣ ጀርባው እንዲታይ።

ከግርጌው፣ ከሱ ታሪክ ሥር፣ ሌላ ስም ጀመርኩ፤ የራሴን።
ግማሹ ላይ ስደርስ ደወሉ ጮኸ፤
ከግድግዳው ማዶ ሰንሰለቱ ተነሣ።
ብዕሬን አላነሣሁም።