ቀስ ብሎ የሚመጣ

«ወራጅ!» አለች ሴትዮዋ፣ ከዚራ ሳንደርስ፤
«አቦ፣ ይኼ ዘፈን ነው ወይስ ጄኔሬተር ሲያለቅስ?»
ብሯን የባጃጄ ወንበር ላይ ጥላ ወረደች።
አልተቀየምኳትም። ልክ ነች።
ጫት ገና ባልገባበት አፍ፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሰዓት፣
ማን ይፈልጋል የማያውቀው ሀገር ክረምት?

ፍላሹን የሰጠኝ ሬድዋን ነው፣ ታይዋን ስልክ የሚጠግን፤
«ስዊድኖች ናቸው፤ አንድ አልበም፣ ስድስት ዘፈን።
ካልወደድከው ደምስሰው» አለኝ፤
ሽፋኑን በተሰነጠቀ ስክሪን አሳየኝ፦
ድንጋይ የሆነ ሐይቅ፣ መሐሉ ላይ ጀልባ፣
በረዶ ይዟት የቀረ፣ ከግራም ከቀኝ።
እኔ በረዶ የማውቀው
በላስቲክ ታስሮ ሲሸጥ ነው፣
ቤት እስክደርስ ግማሹ እጄ ላይ የሚያልቀው።
«እዛ» አለ ሬድዋን፣ «ፀሐይ ለወራት አትወጣም።»
እዚህ ደግሞ፣ አልኩት፣ ገብታም አትገባም።

የመጀመሪያው ዘፈን አሥራ አራት ደቂቃ ነው።
ሦስቱን ደቂቃ ምንም የለም፤
ከሩቅ የሚጎተት ነገር አለ፣ ብረት ይሁን ቋጥኝ አይለይም።
ከዚያ ጊታሩ አንዴ ይመታል፤
ሁለተኛው እስኪመጣ ሰው ሻይ አዝዞ ይጠጣል።
ከበሮው እንደ ሽማግሌ ደረጃ ይወርዳል፣
አንዱን እግር አሳርፎ፣ ስለ ሌላው ያስባል።

ድምፁን አወቅሁት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣
ድሬ ጠብታ ሳይወርድባት ደንገጎ ላይ ዘንቦ ኖሯል።
ደቻቱ፣ ቀን ኳስ የለጋንበት አሸዋ፣
ሌሊት እንዲህ ነበር የጀመረው፣ ከሩቅ፣ በወፍራሙ።
ወንድሜ ምንተስኖት «መኪና ነው፣ ተኛ» አለኝ።
ሌላ ነገር አልተናገረም።

ያኛው ጊዜ አልሰጠም፤
ድምፁና ውሃው እኩል ደረሱ።
ይኼኛው ይሰጣል።
ይኼኛው ደጅ ይቆማል፣ ጫማውን ያወልቃል፣
«መጣሁ» ይላል፣ «መጣሁ»፣ እስክትነሳ ይጠብቅሃል፤
ሸሚዝህን እስክትለብስ፣
ከጎንህ የተኛውን እስክትቀሰቅስ፣
እጁን እስክትይዝ፣ ጣራ ላይ እስክታወጣው፤
ከዚያ ነው ጎርፉ የሚመጣው።

«ያስጨንቃል» ይሉኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ፈጣኑ ነው፣
የሠርግ ቤቱ፣ ትከሻዬን ይዞ የሚያጣድፈኝ።
ለቅሶ እንኳ ሦስት ቀን ነው፤
በአራተኛው «በቃ» ትባላለህ፣ ድንኳን ይነሳል፣ ወንበር ይቆጠራል።
እነዚህ ፂማሞች ግን «በቃ» አይሉም፤
ወይ በቋንቋቸው ቃሉ የለም።

ባለፈው ማታ፣ ለገሃር በር ላይ፣ አንድ አዛውንት ጫንኩ፤
ጋሽ ዱባለ፣ የምድር ባቡር ፍሬን ያዥ የነበሩ።
ልቀንሰው ስል እጄን ያዙኝ። «ተወው።»
ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ።
«ይኼማ» አሉ፣ «ከጅቡቲ ጨው የጫነው ነው፣
ሺኒሌ ላይ ዳገቱ ሲይዘው።
ሃያ ሁለት ፉርጎ። እንዲህ ነበር ትንፋሹ።
ነጂው ማነው?»
«ስዊድኖች ናቸው፣ ጋሼ።»
«ምን ቸገረኝ! ጭነቱን ያውቀዋል።»

ቀፊራ፣ ደጃቸው ደርሰን አልወረዱም።
«እስኪያልቅ ዙር» አሉኝ። ዞርኩ።
ነዳጅ ሰልፍ የዋልኩበት ነው፤ ቢሆንም ዞርኩ።
ከበሮው በወረደ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋሉ፣
ሲሞላ መልሰው ይዘረጋሉ፤
ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።
ድልድዩ ላይ ስንደርስ ማርሹን ቀነስኩ፤
ከታች አሸዋው ደረቅ ነው፣
ልጆች በሞተር ሳይክል መብራት ኳስ ይለጋሉ፤
አንዱ ወንድሙን «አቀብለኝ!» እያለ ይጮኻል።

አሥራ ዘጠኝ ላይ አለቀ።
ጣታቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።
«ሦስት ፉርጎ ቀርቶታል» አሉና
እዚያው ድልድዩ ላይ ወረዱ፣ በእግራቸው ሄዱ።
ሂሳብ አልጠየቅሁም።

ከመጀመሪያው መልሼ ከፈትኩት።