ከጠረጴዛ ሥር

እናቴ ፔርፔቱዋ፣
መጥረጊያ ነው እጇ፣ መወልወያ ጓዟ፤
ኢሎይሎ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ካለችው፣
ጥብስ ዶሮ በሩዝ፣ በርገር ከምትሸጠው፣
ከዚያች ቀይ ምግብ ቤት፣ እኩለ ሌሊት ስትወጣ፣
አንዳች ነገር ነበር፣ በኪሷ የምታመጣ።

ከልጆች ምሳ ጋር፣ በሣጥን የሚሰጥ፣
አውራ ጣት የሚያክል፣ የካርቱን ፊልም ጌጥ፤
ባለቤቱ ሕፃን፣ ሰልችቶት የጣለው፣
ወንበር የረገጠው፣ ኬቻፕ የነካካው።
አዲስ እንዳትገዛ፣ የዚያ ሣጥን ዋጋ፣
ሩዝ ነው፣ ጂፕኒ ነው፣ ሦስት ቀን ሲነጋ።

ፊልሙን አላየነው፤
ትኬቱ ሰማይ ነው።
ግን በትሪው ወረቀት፣ ዘይት በጠጣው ላይ፣
ስምንት ሥዕል አለ፣ ተራ በተራ የሚታይ፤
«ሰብስቧቸው!» ይላል፣ «ሁሉንም!» ይለናል፤
ታዘን ሰበሰብን፣ ማን እምቢ ይላል?

የኔ ሠራዊት ግን፣ ሁሉም ቁስለኛ ነው።
ዘንዶው ባለ አንድ ክንፍ፤
ፈረሰኛው ፈረሱ፣ የት እንደገባ እንጃ፣
እግሩን እንደከፈተ፣ አየር ይጋልባል፣ ያውም በእርምጃ።
የንግሥቲቱን ዘውድ፣ የወተት ጥርስ በልቶት፣
ጥርሱ የማን ይሆን፣ እላለሁ ስዳስሰው በጣት።

አንድ ብቻ ሙሉ፤
ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ዓይኑ ብርቱካናማ፣
ጀርባውን ሲጫኑት፣ የሚያበራ ጨለማ።
ጭረት እንኳን የለው፣ ጥርስ አልደረሰበት፤
ፈርተው እንደጣሉት፣ ማን ነግሮኝ፣ ማን ገብቶት፣
እኔ አባት አረግኩት።
የእኛው መርከበኛ ነው፤
በዓመት አንዴ ይደውላል፣ ድምፁን ሞገድ እየቆረጠው።
ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ዓይኑን አበራለሁ፤
የዘንዶውን ክንፍ ፍለጋ፣ ባሕር አሻግረዋለሁ።

የክፍሌ ልጅ ሩፊኖ፣ ስምንቱንም ሰብስቧል፣
ከነላስቲካቸው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል።
«ዘንዶህ ክንፍ ጎድሎታል» አለኝ፣ ሊያሳፍረኝ ቢያምረው፤
«ያንተስ መቼ በረረ?» አልኩት። ዝም አለ። ዝም አልነው።

ስምንተኛዋ ቀረች፤
ፋኖስ ያንጠለጠለች፣ አረንጓዴ እንቁራሪት።
እናቴ በየወንበሩ ሥር፣ ስንት ወር ፈለገቻት፣ ተንበርክካ በጉልበት፤
የለችም። አልወደቀችም።
ኋላ ነው የገባኝ፤
የተወደደ ነገር፣ ከጠረጴዛ ሥር አይገኝም።

እህቴ ዳሊሳይ፣ ከልብስ ሳሙና ጠርባ፣
ሠራችልኝ አንዷን፣ ባለ ጎባጣ ጀርባ።
ሦስት ቀን ነገሠች።
በአራተኛው ቀን እናቴ፣ ሳታውቅ፣
ዩኒፎርሟን አጠበችባት።

ሠላሳ አንድ ሲሞላኝ፣ ፊልሙን እንደ አዲስ ሠሩት።
ልጄን አማያን ይዤ፣ የልጅነት ጦሬን ልጎበኛት።
ጥቁሩ ካባ ሲመጣ፣ ዓይኑ ሲነድ በጨለማ፣
«አባዬ፣ ክፉው መጣ!» ብላ ክንዴ ውስጥ ተወሸቀች፤
«ኧረ እሱስ አባት ነው፣
ክንፍ ፍለጋ ነው የሄደው»
ልላት ብዬ ዋጥኩት።
ከተማውን አቃጠለ።
ዘንዶው ሁለት ክንፍ ነበረው፤ አላወቅኩትም።
ፈረሰኛውም ከነፈረሱ፣ ምኑም አልመሰለኝም።

ከዚያ ዶሮ በላን።
ከሣጥኗ ወጣች፣ ፋኖሷን አንጠልጥላ፣
አረንጓዴ፣ ሙሉ፣
ያቺው እንቁራሪት፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ።
አማያ ሩዟ ላይ አቆመቻት፣ አስዋኘቻት በመረቅ፣
ወዲያው ደግሞ ረሳቻት፣ በአይስክሬም ስትነጠቅ።
ጠብ አለች።

ጎንበስ አልኩ።
ከእንቁራሪቷ ማዶ፣ የላስቲክ ጫማ አየሁ፣
የራሰ መወልወያ፣ ተራውን የሚጠብቅ፤
ቀና ስል፣ ደረቷ ላይ፣ «ኖራሊን» ይላል ጽሑፉ።
የዘረጋሁትን እጅ፣
ባዶውን መለስኩት።

ጂፕኒው ውስጥ፣ ማታ፣
«እንቁራሪቴስ?» አለች፣ ኪሶቼን ፈትሻ።
«ሥራ ገባች» አልኳት።
«ዛሬ የሌሊት ተረኛ ናት።»