እሪ በከንቱ፣ ማክሰኞ ማታ

የዘይት በርሜል ስቀጠቅጥ ውዬ፣
ማክሰኞ ሲመሽ መዶሻዬን ጥዬ፣
ከምናለሽ ተራ ወደ እሪ በከንቱ
በፒያሳ ዳገት አዘግማለሁ።
አንዱ ሠፈር ስሙ ጥያቄ፣ አንዱ ስሙ ተስፋ መቁረጥ፤
በመሀላቸው እኔ አለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ብረት ስቀጠቅጥ
ጆሮዬን አብሬ ቀጥቅጬ የጨረስኩ፣
የሰው ቃል ከከንፈሩ ላይ በዓይኔ እየለቀምኩ
የምኖር።

ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ (ደረጃው ያቃስታል ይላሉ)
አንዲት ክፍል አለችን፤ ተማሪዎቿ ሁሉ ሸብተዋል።
ዘበኛው አየልኝ፣ ባትሪውን ሸጉጦ በብብቱ፣
ጡረታ የወጣች ነርስ፣
ከጉልቷ ተነሥታ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተች የምትደርስ
ሸጊቱ፤
የእኔ ጥንድ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው ነው የሚሰጠው።

መምህርት ዝማም ሰሌዳው ላይ «አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል» ብላ ስትጽፍ
አየልኝ ከወንበሩ ተነሣ፦ «ይቺንማ አውቃታለሁ!
ጎረቤታችን መሪጌታ ዳዊት ሲደግሙ
መቶ አሥራ ስምንት ላይ ሲደርሱ
'አሌፍ፣ ቤት' ሲሉ በአጥር ቀዳዳ ሰምቻለሁ።»
ከዚያ ወዲያ ፊደሉ እንግዳ መሆኑ ቀረ፤
በአጥር ሾልኮ የገባ ዘመድ ሆኖ አብሮን አደረ።

ረቢ ይርጋ የወገራ ሰው ልጅ ነው፤ ባሕር ማዶ ተምሮ መጣ።
«ጠይቁኝ» ይላል፣ እጅጌውን ሰብስቦ።
ቄስ እንየው ከጥጋቸው፣ ጥምጣማቸውን አቃንተው፦
«እኛ ዘንድ ኦሪት ይሰማል እንጂ አይነዘነዝም።»
ይከራከራሉ። ከንፈር ሲፈጥንብኝ ግማሹ ያመልጠኛል።
ኋላ ሁለቱም እጃቸውን ወደ አንድ የወረቀት ጥቅልል
ይሰዳሉ፤ ሽምብራ ቆሎ ነው።

አንድ ማክሰኞ «ስማ፣ እስራኤል» ላይ ደረስን።
ረቢው ቀኝ እጁን ዓይኑ ላይ ጫነ፦ «ሲባል እንዲህ ነው።»
«ረቢ» አልኩ፣ «እኔ የምሰማው በዓይኔ ነው።
ዓይኔን ከሸፈንኩ በምን ልስማ?»
ቤቱ ጸጥ አለ
(ለእኔ መቼስ ሁልጊዜም ጸጥ እንዳለ ነው)።
በደብተሩ ጻፈው። በሳምንቱ ተመልሶ
«ስፈልግ ሰነበትኩ፤ መልስ አላገኘሁም» አለ።
ወደድኩት። አላውቅም የሚል አስተማሪ
እዚህ ዕድሜ ስደርስ የመጀመሪያዬ ነው።

ሸጊቱ ያን ቀን እጇን ከቀሚሷ ጠርጋ አወጣች፦
«እኔም አለኝ። ጮኸን ጮኸን የደከምነው እኛ፤
ስሙ ይለናል እንዴ?
መስማት የነበረበት እሱ አይደል?»
ቄስ እንየው ሽምብራቸውን ጉንጫቸው ውስጥ እንደያዙ ቀሩ።

ረቢው አፉን ሲከፍት የሐምሌ ዝናብ ወረደ።
ቆርቆሮው ምናለሽ ተራን ሆነ መሰለኝ፣
ሁሉም ጆሮውን ያዘ፤ መብራቱም ሄደ።
በዚያች ሰዓት ሁሉም እንደኔ ደንቆሮ፣
ዘመዶቼ ሆኑ።
አየልኝ ባትሪውን ረቢው አፍ ላይ አበራ፤
ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

ተነሣሁ። በእሪ በከንቱ መሀል
እሪ ብዬ፣ ለሸጊቱ፣ ለነርሷ፣ ለቄሱ
ከንፈሩን እየለቀምኩ አደልኩ፦
«አላውቅም ይላል!
ግን ምናልባት፣ ይላል፣
እሱ የሚሰማው
በእኛ ጆሮ ይሆናል!»

እውነቱን ልናገር፦ ጺሙ ከንፈሩን ይጋርደዋል።
ሌላ ነገር ብሎም ይሆናል።
ኋላ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላረመኝም።

ዝናቡ ሲያባራ ለጸሎት ቆሙ። እኔ ጉልበቴ ስላመመኝ
አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኔን ሸፈንኩ።
ጨለማ፣ የብረት ሽታ ካለው መዳፌ ውስጥ።
ድንገት የአሥራ አንድ ሰው ድምፅ በወለሉ ጣውላ ገብቶ፣
በአግዳሚው እግር ወጥቶ
አጥንቴን ነካው፤
መዶሻ መስፍ ላይ ሲያርፍ
ክንድ እንደሚያውቀው።