የደረት ሽፋሽፍት

ቆጪ ያለ አጎቴ፣ በርጩማ ጠራቢ፣
ካንድ የዋንዛ ጉማጅ ሦስት እግር አንባቢ፣
ሸምሰዲን አባ ፊጣ፣ እጁ የማይሳሳት፣
ደረቱ ግን ያፏጫል፣ ሲመሽ፣ ሲነጋለት።
የዋንዛው ብናኝ ነው፤ አርባ ዓመት ሲዘራ
ማን ሲጠርገው ኖሯል ያን ሁሉ አቧራ?

ዛሬ ላቦራቶሪ፣ ካፍንጫዬ ፍቄ
በማይክሮስኮፑ ዓይን አየሁት አጥብቄ።
ዓይን ብቻ መስሎኝ ሽፋሽፍት ያበቀለ፣
የሕዋስ ጠርዝ ጠቀሰኝ፣ «እኔም አለኝ» እያለ።
እንደ አዌቱ ዳር ሣር ነፋስ ሲያጎነብስ
ይወድቃል፣ ይነሣል፣
አክታን እየገፋ ጉሮሮ እስኪደርስ።

ቪዲዮውን አዘግይቼ ቆጠርሁ፦ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ፣
ባንዲት ሰከንድ።
«ጨምሪበት» አለች ኢፍቱ፣ «ጠብታ ሳልቡታሞል።»
ጨመርሁ።
ትንሽ ቆየና
ሣሩ ፈጠነ።
ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት፣
እህሉ አውድማ ላይ ሳለ
ዝናብ እንደመጣበት ገበሬ።

«በር አለ» አለችኝ፣ «ሕዋሱ ግድግዳ ላይ፣
ስሙ ተቀባይ።
አድሬናሊን በደም መጥቶ ሲያንኳኳ ይሰማል፣
ራሱ አይገባም እንግዳው፤
ውስጥ ያለው መልእክተኛ ግን ወደ ሽፋሽፍቱ ይሮጣል።»
ገረመኝ።
ጅብ ስሰማ ጉልበቴን የሚያብረከርከው፣
ልቤን እንደ ፈረስ የሚያስጋልበው፣
ያው የድንጋጤ ሎሌ
እዚህ ሲደርስ ቤት ጠራጊ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ።
የረመዳን ሰሞን፣ ልቡ ድው ድው ሲል፣ ጎረቤቱ ሲቲና
«የኔን ቅመስ» ብላ የሰጠችው ኪኒና!
ልቡን ዝም አሰኘች። ያንንም በር ዘጋች።
ያች ሌሊት አልነጋች፤
እሱ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣
አየር እንደ ብድር በጭንቅ እየተቀበለ፣
እኛ ዋንዛውን ስንረግም፣ ብናኙን፣ መጥረቢያውን።
ማን ይጠረጥራል ልብን ያሳረፈ
ከጠራጊው እጅ ላይ መጥረጊያ እንደገፈፈ?

ነገ ሐሙስ ነው። በርጩማውን ጭኖ
ሂርማታ ሳይወርድ እደርስበታለሁ፤
ከኪኒናዋ የተረፈ ካለ እቀበለዋለሁ፣
ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።
ስለ በሩ ግን፣ ስለ ሣሩ፣ እንዴት እነግረዋለሁ?
ዐውቀዋለሁ አጎቴን፤
መሮውን ያስቀምጣል፣ ከጢሙ ላይ ፍቅፋቂ ያራግፋል፣
«ሽፋሽፍት? ደረቴ ውስጥ? ምን ሊያይበት ኖሯል?»
ብሎ ይስቃል፤
ሳቁም ያፏጫል።