ከታች በኩል፣ በሦስተኛው ገጽ

ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ በነሐሴ ማብቂያ፣
አራት ገጽ ወረቀት፣ የስፖርት መመሪያ፣
ልጄ ኤሮ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጣለ፤
«አባዬ፣ ፈርምልኝ፣ አውቶቡስ ደርሷል» አለ።
ቆሜ ነው የፈረምኩ፣ ጫማዬን ሳላስር፣
የማዕድኑ ፈረቃ ሊጀመር ሩብ ሲቀር።
ቀኑንም ስሜንም ከታች ሞላሁና፣
መሐሉን አለፍኩት፣ ብዙ ነበርና።

ትዝ የሚለኝ ጥቂት፦ የሐኪም ምርመራ፣
በአንድ ኮዳ መጠጣት ክልክል ነው በጋራ፣
ውጤቱ የወረደ ከሜዳ እንደሚቀር፣
ዳኛ ላይ የጮኸ ወላጅ እንደሚባረር።
(እዚህ ላይ ሳቅኩ። ራሴን አውቃለሁ።)
ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ስለ ጭንቅላት ምት፣
አንድ አንቀጽ ነበረ፤ ዓይኔ አዳለጠው፣ አለፈው በፍጥነት።

ጥር። ዓርብ ማታ። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ።
የሆኪው አዳራሽ እስከ በሩ ሞልቷል፣
የአባቶች ትንፋሽ እንደ ጉም ተንሳፏል።
ሁለት ለሁለት ነን። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ።
ኤሮ ጥቁሯን ዲስክ ከጥግ ሊያወጣ ጎንበስ ሲል፣
አንድ ግዙፍ ልጅ መጣበት፣ ናዳ ሲንከባለል።
ሳንቃው ጮኸ።
ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እኔም ሰምቼው ነበር፣
ያን ድምፅ፣
ከውስጥ በኩል።

ተነሣ። አዎ፣ ተነሣ! ሕዝቡ አጨበጨበ፣
እሱም በትሩን አውለበለበ፤
ተንሸራቶም ሄደ፣ ቀጥ ብሎ፣ ያለ ጥርጥር፣
ወደ ተቃራኒው ቡድን አግዳሚ ወንበር።

ዳግኒ ሉንድ፣ የቡድኑ የጤና ባለሙያ፣ ከልጄ ትከሻ የማትበልጥ፣
እጅጌውን ይዛ አመጣችው፣ ሳትቆጣ፣ ሳትደነግጥ።
«ወራቱን ቁጠርልኝ፣ ከኋላ ጀምረህ።»
«ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣» አለ፤ ዓይኑ ግን ዋለለ፤
«ታኅሣሥ፣» ደገመና፣ «ደህና ነኝ እኮ!» አለ።
የራስ ቁሩን ወስዳ አግዳሚው ላይ ጣለች፣
እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ላዩ ላይ አለች።

ወረድኩ ከመቀመጫዬ፣ ደረጃውን እየዘለልኩ፣
«ስድስት ደቂቃ ቀርቷል! ልጁ ደህና ነኝ ብሏል!» ብዬ ጮህኩ።
አሠልጣኝ ፔትሪች ቀና ብሎ አላየኝ፤
«ከእሷ ጋር ጨርስ» አለ፣ ጀርባውን ሰጠኝ።
ዳግኒ አልተነሣችም። እጇን ሰድዳ ወደ ጎን፣
ከላስቲክ አቃፊ መዝዛ ሰጠችኝ ሉሁን።
«እስቲ አንብበው፣ ሬይኖ፤ ድምፅ እንደሁ አላጣህ።»

«ተማሪው ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደሆን፣
በዚያ ቀን አይመለስም፣ ደህና ነኝ ቢል እንኳን፣
ወላጅ ቢለምንም።»

ወላጅ ቢለምንም! እኔን ያውቁኝ ነበር፣
ገና በነሐሴ፣ ጫማዬን ሳላስር።
ከታች በኩል ደግሞ፣ የችኮላ ጽሕፈት፣
እንደ ሸረሪት እግር፣ «ሬይኖ ራንታላ፣ አባት»።

በእኔ ጊዜ ወረቀት አልነበረም።
አባቴ በመኪናው መስኮት «ራስህን ጠብቅ» ይለኝ ነበር፣
እኔም ራሴን ጠበቅኩ፦ ስሜን፣ ኩራቴን፣ ቦታዬን በቡድኑ፤
ራስ ሲል ራስን መሆኑን፣ ይህን ቅል፣ ማን ነገረኝ?
ግጥሚያውን ጨረስኩ። ዋንጫውም አለ፣ ጋራዡ ውስጥ።
ዛሬ ጧት ቁልፌን ስፈልግ ነበር፣ በእጄ ይዤው።
ባለቤቴ አይሊ ድሮ ትስቅ ነበር። አሁን አሁን ታየኛለች ብቻ።

«ብቻውን አይደር» አለች ዳግኒ። «ስልክ የለ። ካስመለሰው ደውል።
ሰኞ መጥቶ ያየኛል፤ መጫወቱን እኔ ነኝ የምፈቅድ፣ አንተ አይደለህም።»
ራሴን ነቀነቅኩ።
የራስ ቁሩን ግን እስከ መጨረሻው ደወል አልለቀቀችም።

ወደ ሐኪም ቤት ስንነዳ፣
ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፦ «አባዬ፣ አሸነፍን?»
ሁለቴ እውነቱን ነገርኩት፦ ሦስት ለሁለት ተሸነፍን።
በሦስተኛው «ዳግኒ አሸነፈች» አልኩት።
«እሷም ትጫወታለች እንዴ?» አለ።
ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን።
መንገዱ ነጭ ነበር።
ቀስ ብዬ ነዳሁ፣
በሕጉ ፍጥነት።